የአንድ ዘይት ልጆች

በግሪክ ተራሮች ላይ ያለችው የካስታኒያ መንደር ሰው ስለ ፖለቲከኛ ደግ ነገር ከሚናገር ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉት ይመርጣል። አርጊሪስ ዞቶስ ሲነሳ ግን ድሮ ለየት ይሉ ነበር። «ሰውየው እንኳ ክፉ አይደለም፣ ትምህርት ነው ያበላሸው» ይላሉ፤ በእነሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ዛሬ ይህችንም አይሉለትም። ስሙ ከተነሳ አንዱ መሬት ላይ ይተፋል፣ ሌላው ወሬ ይለውጣል።

አባቱ በሸለቆው ላሉት መንደሮች ሁሉ በበቅሎ ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስተኛ ነበር። ልጁ ፓትራ ከተማ ወርዶ ኮምፒዩተር ተማረ፤ ከዚያ አቴንስ ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ያዘ። የተራራው ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ሲጎርፍ እሱ ሚስቱን ኤቫንቲያንና ካርቶን ሙሉ ኮምፒዩተር ይዞ ሽቅብ ወጣ። «ምን ጎድሎህ ነው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው። አባቱ የጡረታ ወረቀቱን ለማስጨረስ የአውራጃው የፓርላማ አባል ደጅ ሲቆም አይቷል። ያ ሁሉ መንደር የሚያከብረው ሰው ባርኔጣውን በእጁ፣ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ሲመላለስ አይቷል። «ሰው የራሱን ወረቀት ለማግኘት ማንንም የማይለምንበት አገር እፈልጋለሁ» ይል ነበር። ወጣት ነበርና ንግግሩ ያምርበት ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ማሽኖቹን ተከለ። ድሮ በጋ አስጠይቆ ክረምት ይወጣ የነበረው የልደት ወረቀት አንድ ሲጋራ ሳያልቅ ከማሽኑ አፍ ብቅ ማለት ጀመረ። የሰው ነገር ግን ጉድ ነው። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ፣ አንዲት አሮጊት፣ ወረቀቷን ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

«ማነው ያስፈጸመልኝ?»

«ማንም አይደለም እናቴ። መብትዎ ነው።»

«እንዴት ማንም? አይብ ይዤ መጥቻለሁ እኮ፤ ለማን ልስጠው?»

«ለራስዎ ይብሉት።»

አሮጊቷ አይቧን ይዛ ተመለሰች፤ ቅር ብሏት ተመለሰች። በዚያው ዓመት አርጊሪስ ለፓርላማ ሲወዳደር እሷም ጎረቤቶቿም አልመረጡትም። ለማንም ባለውለታ አልነበሩማ! ውጤቱ የተነገረ ለታ «ከሚስቱ ሌላ የመረጠው ካለ ተሳስቶ ነው» ተብሎ ተሳቀበት።

የፓርቲው ሰዎች በሚሰበሰቡበት ቡና ቤት በር ላይ ዕድሜ ልኩን የተቀመጠ ባርባ ዚሲስ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ ከምርጫው በፊት የሚያውቅ፣ ካላወቀም የሚያደርግ ሰው ነው። አርጊሪስን ጠርቶ ጺፑሮ የሚሉትን የወይን አረቄ ቀዳለት።

«ስማ የፖስተኛው ልጅ። ማሽንህ ሠርግ ላይ ይጨፍራል?»

«አይጨፍርም፣ ባርባ ዚሲስ።»

«ለቅሶ ሲሆን ሬሳ ይሸከማል?»

«አይሸከምም።»

«ታዲያ ማን አባቱ ይመርጠዋል? ሰው የሚመርጠው አበልጁን ነው። ክርስትና አንሳ! አንድ ሕፃን ባነሳህ ቁጥር አባት፣ እናት፣ አያት፣ አጎት፣ ውሻቸው ሳይቀር ያንተ ነው።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «ግን ወንድ ብቻ። ወንድና ሴት እንዳትቀላቅል። በአንድ እጅ፣ በአንድ ዘይት የተቀቡ ልጆች እህትና ወንድም ናቸው። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ አድገው ተፋቅረው ይመጡና እናቶቻቸው አንተን ይረግማሉ። ያ ሽማግሌ የፓርላማ አባላችን ያን ሁሉ ዘመን ሴት ልጅ አቅፎ የማያውቀው ሞኝ ሆኖ መሰለህ?»

«አላቀፈም?»

«ስለ ክርስትና ነው የማወራህ። ስለሌላው ሚስቱን ጠይቃት።»

ሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ! አርጊሪስ ወንድ ወንዱን ማንሳት ጀመረ። እሑድ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ሲሮጥ እጁ ሳይታጠብ፣ የሸሚዙ እጅጌ ዘይት እንደነካው ይደርሳል። ልጆቹ ሲበዙ ስማቸው ጠፋው፤ ስለዚህ የተማረውን አስታውሶ ለኮምፒዩተሩ ሥራ ሰጠው። የእያንዳንዱ ልጅ ስም ቀን፣ ማለት ስሙን የያዘለት ቅዱስ የሚከበርበት ዕለት፣ ሲደርስ «የክርስትና አባትህ» የሚል የመልካም ምኞት ካርድ ማሽኑ ራሱ ያወጣል። የክርስትና አባት ለፋሲካ የሚያመጣውን ሻማና ጫማ ጸሐፊው ገዝታ ትልካለች። በሁለተኛው ምርጫ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው፣ ዶሮአቸውን በብብታቸው ይዘው የእሱ ደጅ ላይ ይቆሙ ጀመር። ኤቫንቲያ በመስኮት አይታ «የአባትህን ወረፋ ተመልከት» ብትለው «መጀመሪያ ልግባ፣ ከዚያ አስተካክለዋለሁ» አላት። ስንቱ እንዲህ ብሎ ገብቷል።

ካስታኒያ ላይ በረዶ የያዛቸው በሁለተኛው የፓርላማ ዘመኑ ነው። እሱ፣ ኤቫንቲያና ሾፌሩ ቲሚዮስ ከስብሰባ ሲመለሱ መንገዱ ከላይም ከታችም ተዘጋ። ቀኑ ደግሞ እንዲህ እንደዋዛ የሚታለፍ ቀን አልነበረም። አቴንስ ላይ አዲስ መንግሥት እየተሾመ ነው፤ የኮምፒዩተሩን ጉዳይ በአገር ደረጃ የሚመራ ምክትል ሚኒስትር ይሾማል፣ እሱም አንተ ነህ ተብሎ ተነግሮታል። አገሩን የሚለውጥባት ወንበር ይህች ነበረች። ስልክ አይሠራም። መኪናው ውስጥ ሬዲዮውን ከፍተው ስም ዝርዝሩን ሲጠብቁ መስኮቱ ተንኳኳ። የመንደሩ ቄስ አባ ሌፍቴሪስ ናቸው፣ ጢማቸው በረዶ ሆኖ።

«ውረድ። የቫሲሎ ሕፃን እየሞተች ነው። ክርስትና እናቷ ከታች መንገድ ላይ ቀርታለች፤ የሚያነሳት ሰው የለም።»

አርጊሪስን አፉ ቀደመው። «ሴት ናት?»

ቄሱ በትዝብት አዩት። «ነፍስ ናት» አሉት።

ኤቫንቲያ ይህን ጊዜ ከመኪናው ወርዳለች። ባልና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሐኪሞቹም ተስፋ አትቁረጡ ማለቱን ትተው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሐኪም የሚያልፍበት መንገድ ሊጠርግ ወጥቷል፤ የሕፃኗ አባት የጭነት መኪናውን ይዞ ከተራራው ማዶ ቀርቷል፤ እናቷ ቫሲሎ በዱሮው ልማድ የልጇን ስም እስክትሰማ ከቤት አትወጣም። ውስጥ የነበሩት ቄሱ፣ መዝሙር የሚመሩት የሕፃኗ አያት፣ ሙቅ ውሃ የሚያመላልሰው ቲሚዮስ፣ ፎጣ የያዘችው ኤቫንቲያና እሱ ብቻ ናቸው። አርጊሪስ ያንን አጥንት ብቻ የሆነ ገላ በእጁ ዘይት ቀባ። ያን ያህል ጊዜ ያለውን ጸሎተ ሃይማኖት ሲደግም መሃል ላይ ጠፋው፤ አያትየው አስታወሱት። ውሃው ሲነካት ሕፃኗ ጮኸች። አባ ሌፍቴሪስ «ጮኸች! እንግዲህ ትኖራለች» ብለው ሳቁ፤ ስሟን ማን ልበላት አሉት። የእናቱን ስም ሰጣት። አሲሚና አላት።

ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ በበረዶው ወደ እናቷ ወሰዳት። ቫሲሎ በር ላይ ቆማ ነበር። እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ መሬት ድረስ ሰገደችለት፣ እጁን ሳመች፣ ልጇን ተቀበለች። ሐኪሙ ሲመሽ ደረሰ፤ ልጅቷም ተረፈች። አርጊሪስ ወደ መኪናው ሲመለስ ሬዲዮው ዘፈን ጀምሯል። ቀድሞት የተመለሰው ቲሚዮስ አንገቱን ደፍቶ ሌላ ሰው መሾሙን ነገረው። «እሺ» አለና «ወተት የሚሸጥ ሰው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ኤቫንቲያ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ባሏን ወድዳው አታውቅም።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ የአሲሚና ስም ገብቶ አያውቅም። ሻማዋን ራሱ ይመርጣል፤ ጫማዋን ራሱ ይገዛል፤ ጠባብ ይሆንና ይመልሰዋል። ክረምትና በጋ ትመጣለች፤ ኤቫንቲያ ፒታ ስትጋግር እሱ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር ፈታትቶ ያሳያታል። «ኑኔ» ትለዋለች፤ ልጆች የክርስትና አባታቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። «ኑኔ፣ ይቺ ምንድናት? ኑኔ፣ ይቺስ ብትወጣ ይሞታል?» አድጋ እሱ የተማረበት ፓትራ ገባች፤ የገባችውም የእሱን ትምህርት ልትማር ነው። የአብራካቸው ክፋይ ባይኖርም እነ አርጊሪስ ልጅ የላቸውም ለማለት የሚደፍር አልነበረም።

ሥራው እንደ አሲሚና አላደገም። ወረቀትን ከልመና የሚያወጣው ሕጉ ከአንዱ ሚኒስትር መሳቢያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ፀጉሩ ሸበተ። በኋላ ሌሎች ሰዎች ሠሩት። ዛሬ የካስታኒያ እረኛ ሳይቀር ወረቀቱን ስልኩ ላይ ያወጣል፤ ያን ነገር መጀመሪያ ያሰበው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

አሲሚና አንድ ቀን ቢሮው ስትገባ ከኋላዋ አንድ ረጅም ጎልማሳ ነበር። ስተርጊዮስ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ነው፤ ክረምት ክረምት በረዶ የሚጠርገውን መኪና ይነዳል።

«ኑኔ፣ እንጋባለን። ደግሞ ታውቃለህ? እሱም ያንተ ልጅ ነው! ሁለታችንንም ያነሳኸን አንተ ነህ፤ አንድ ስጦታ ለሁለታችን ይበቃል፣ ተገላገልክ።»

ልጆቹ ሳቁ። አርጊሪስ የልጁን ፊት አየ፣ መረመረ፤ ምንም ትዝ አላለውም። ከዚያ የባርባ ዚሲስ የተቀሰረ ጣት ትዝ አለውና ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

ወሬው ወንዙን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። የስተርጊዮስ እናት ፖሊክሴኒ ባሏ የሞተባት፣ ያንን አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። «እህቱን ከሚያገባ ቀብሬው ጥቁር ብለብስ ይሻለኛል» አለች። ቫሲሎ አልጋ ያዘች። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረሙ ቢባል የአሲሚና አባት «እንደ መኪና ሊብሬ ነው ልጄን የማስመዘግብ?» ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። በአባ ሌፍቴሪስ ቦታ የተተኩት ወጣቱ ቄስ አባ ኔክታሪዮስ ክፉ ሰው አልነበሩም።

«አቶ አርጊሪስ፣ ጳጳሱን ጠይቄ ነበር፤ ሕዝቡ ከተቀበለው አጋባቸው ብለውኛል። ሕዝቡ ግን በሩ ላይ ድንጋይ ይዞ ቆሞ እኔ አክሊል አልደፋላቸውም። የአንድ ዘይት ልጆች ናቸው ይላል፤ ከእናታቸው ሆድ የከበደ ዝምድና ነው የሚለው።»

በሰኔ አሲሚና ብቻዋን መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ስተርጊዮስ ጀርመን ሥራ አግኝቷል። መስከረም ላይ ይሄዳል፤ እናቴን ገድዬ አንቺን አላገባም አለኝ። አልፈርድበትም።» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ኑኔ፣ አንተ ዘንድ የማይመጣ ሰው የለም፤ እኔ ግን ምንም ለምኜህ አላውቅም። የምትችለው ነገር ካለ...»

«አለ» አላት። ምን እንዳለ ገና አላወቀም ነበር።

ያወቀው ነሐሴ ላይ፣ የፍልሰታ ዋዜማ ነው። ኤቫንቲያ ወጥ ቤት ባቄላ ስትፈለፍል አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት መፈልፈል ጀመረ።

«ነገ በዓሉ ላይ ካስታኒያ ሄጄ እናገራለሁ» አላት። «አሲሚናን ያነሳት ቲሚዮስ ነው እላለሁ።»

ቲሚዮስ ከሞተ ቆይቷል። አባ ሌፍቴሪስም፣ የልጅቷ አያትም አፈር ቀምሰዋል። ኤቫንቲያ እጇ ቆመ።

«እኔ እኮ አልሞትኩም።»

«አንቺን ነው የምለምነው።»

«ምን ብለህ ነው የምታወራው? ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመህ ልትዋሽ? ያውም ስለ ጥምቀት?»

«ቲሚዮስ ሌላ ልጅ አንስቶ አያውቅም። እሱ ካነሳት ከስተርጊዮስ ጋር ምንም አይደሉም። አለቀ።»

«አንተስ? አንተ የት ነበርክ ልትል ነው?»

«መኪና ውስጥ። ሹመቴን በሬዲዮ እየጠበቅኩ።»

«ማን ያምንሃል?»

«ሁሉም» አለ አርጊሪስ። «አይተሽ ታምኛለሽ።»

ኤቫንቲያ ባቄላውን ገፋችው። ድምፅዋ ተለውጦ «ቢያንስ ለልጅቷ እውነቱን ንገራት» አለች። «ለሷ ብቻ።»

«ካወቀች አክሊል ሥር ትቆማለች? አታውቂያትም? ያን ጊዜ ራሷ ተነስታ ትናገራለች።»

«አሳድገናት ነበር እኮ፣ አርጊሪስ። እኛ ነበርን እኮ።»

«ሆድ ይፍጀው» አላት። አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ።

በማግስቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ በግ ይጠበሳል፣ ክላሪኔት የሚነፋው ሰው መሣሪያውን ይሞክራል። የወንዙ ማዶ ሰዎችም መጥተዋል፤ ጠባቸው ጠብ ነው፣ በዓሉ በዓል ነው። አርጊሪስ አባ ኔክታሪዮስን አስፈቅዶ አግዳሚ ላይ ቆመ። «ደግሞ ምርጫ ደረሰ እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

አርጊሪስ ነገራቸው። ያን ለታ እንደደከመው፣ ብርዱን እንደፈራ፣ ከሁሉ በላይ ግን ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ መስማት ፈልጎ እንደነበር ነገራቸው። ሾፌሩን እንደላከ፣ ልጅቷን ዘይት የቀባትም ጸሎተ ሃይማኖት የደገመላትም ቲሚዮስ እንደሆነ ነገራቸው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ንግግር የለመደ ሰው ነው።

ከዚያ ከኋላ በኩል ባርባ ዚሲስን የሚያክል ሌላ ሽማግሌ «ይኸው!» አለ፤ «ይኸው! እኔ ሁልጊዜ አላልኩም?» አላለም ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ድሮ የሚያውቁት ነገር መሰላቸው። ማጉረምረሙ ተነሳ። ለማመን አንድም ሰው አልተቸገረም። ደግ ሥራ ቢያወራላቸው ማስረጃ ይጠይቁት ነበር ይሆናል፤ ይህ ግን ከፖለቲከኛ የሚጠበቅ ስለሆነ እንደ ደረሰ በለስ አፋቸው ውስጥ ገባ።

ቫሲሎ በልጇ ክንድ ተደግፋ ወደ ፊት መጣች።

«ልጄ የእናትህን ስም ይዛለች እኮ!»

«ስሙን ለቲሚዮስ ነግሬው ነበር።»

«ከእጅህ ነው የተቀበልኳት! ከካፖርትህ ውስጥ አውጥተህ ነው የሰጠኸኝ! ሦስት ጊዜ ሰግጄልሃለሁ፤ እጅህን ስሜያለሁ!»

«በር ላይ ስንደርስ ከቲሚዮስ ተቀበልኳት» አለ አርጊሪስ። «ስትሰግጂልኝ ዝም አልኩ።»

ቫሲሎ ወደ ኤቫንቲያ ዞረች። «አንቺ ሴት፣ አንቺ እግዚአብሔርን ትፈሪያለሽ። አብረሽ ነበርሽ። እውነት ነው?»

ሁሉም ኤቫንቲያን አየ። ኤቫንቲያ አሲሚናን አየች፣ ከዚያ ከአጥሩ ሥር ባርኔጣውን እያሻሸ የቆመውን ስተርጊዮስን አየች። ፎጣ ይዛ የተቀበለቻት ሕፃን ዛሬ ሙሽራ የምታክል ሆናለች።

«እውነት ነው» አለች። «ቲሚዮስ ነው የያዛት።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖሊክሴኒ አማተበች፤ «ተመስገን፣ ልጄን ከኃጢአት አወጣኸው» ብላ ለሰማይ ተናገረች፤ ለአርጊሪስ አይደለም። የአሲሚና አባት መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ያ ሰው ለዞቶስ ድምፅ ከሚነፍግ እጁ ቢቆረጥ የሚመርጥ ነበር።

«አበልጅ እልህ ነበር» አለው። «በገና ዳቦ ስቆርስ ለክርስቶስ አንድ፣ ለቤቱ አንድ፣ ላንተ አንድ እቆርስ ነበር።» እጁ ተነሳ፤ ሰዎች ያዙት።

አሲሚና የደረሰችበት መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ነው። ሮጣ ነበርና ታለከልካለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው።

አርጊሪስ እጁ የመኪናው በር ላይ ቀረ። ከአፏ እንዲህ ያለ አጠራር ሰምቶ አያውቅም።

«ያ ኮምፒዩተር፣ ጫማው፣ ፓትራ ስሄድ ጣቢያ ድረስ መምጣትዎ፣ ስታመም ሆስፒታል ማደርዎ... ያ ሁሉ ለምን ነበር? አፍረው ነው? እዳ መስሎዎት ነው?»

ኤቫንቲያ ከውስጥ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አርጊሪስ ልጅቷን አያት። አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ነገር ይመለስለታል፤ ስተርጊዮስ ደግሞ መስከረም ላይ ይሄዳል።

«አዎ» አላት። «አፍሬ ነው።»

አሲሚና ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባው ሰው። «ለማንኛውም ስለነገሩን አመሰግናለሁ» አለችና ወደ ግቢው ተመለሰች። ክላሪኔቱ ጀምሯል።

ነገሩ በጋዜጣ ሳይቀር ወጣ። ተቃዋሚዎቹ «የሬዲዮው አባት» ብለው ስም አወጡለት፤ ፓርቲው በቀጣዩ ምርጫ ሌላ ወጣት አቀረበ። ክርስትና ያነሳቸው ወንዶች ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ ማጣራት ጀመሩ፤ የኛንስ ራሱ ነው ያነሳው ወይስ ሾፌሩ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሱ ግን ስለ ሹመቱ አንድ ቀን ሲቆጭ አልተሰማም። ጠዋት ጠዋት ወንዙ ዳር ብቻውን ይሄዳል። ኤቫንቲያ ፒታ መጋገር ትታለች፤ ለሁለት ሰው ምን ይደክማል ትላለች።

የሠርጉ ሳምንት ሐሙስ ስተርጊዮስ በሩን አንኳኳ። ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ጺፑሮ ሲቀዱለት አልነካውም።

«ኑኔ» አለ፣ እያፈረ። «ልማዱን ያውቁታል። አክሊሉን የሚያቀያይረው የሙሽራው የክርስትና አባት ነው። የኔ አባት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ልጠራዎት ይገባ ነበር።»

«አሲሚና አልፈለገችም።»

«አልፈለገችም» አለ ስተርጊዮስ። «ወይ እሱ ወይ እኔ አለችኝ። ሌላ ሰው ያዝን። ግን ሳልነግርዎት ማግባት ከበደኝ። እኔ አባት የለኝም፤ በየዓመቱ ስሜ ቀን ካርድዎ ሲደርሰኝ እናቴ ግድግዳ ላይ ትሰቅልልኝ ነበር። ሁሉም አሉኝ።»

አርጊሪስ እነዚያን ካርዶች አንድም ቀን አይቷቸው አያውቅም።

«ትክክል ነች» አለው። «እሷ የፈለገችው ይሁን። ደህና ነች?»

«ደህና ነች። አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ ለምን እንደሆነ አትነግረኝም።»

ኤቫንቲያ ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ስተርጊዮስም ለመሄድ ተነሳ፤ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፣ ያ ቁመት ሁሉ እንደ ሕፃን ሆነ።

«አይቀየሙኝና... የኔንስ? የኔን ለታ እርስዎ ነበሩ? ወይስ ያኔም ቲሚዮስ ነው?»

አርጊሪስ አሰበ፤ ከልቡ ፈለገ። የዚያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ የቄሱን ፊት፣ የሕፃኑን ልቅሶ፣ አንድ ነገር ፈለገ። ከምርጫ ዘመቻው አቧራና ከእጅጌው ዘይት በቀር ምንም አልነበረም። በእርግጥ ያነሳው እሱ ነው፤ ያን ያወቀው ግን ማሽኑ ስለሚለው ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለው። «በደንብ አስታውሳለሁ። አላለቀስክም።»

የስተርጊዮስ ፊት በራ። ጎንበስ ብሎ እጁን ሳመው።